ለአንድ የጌም ስም አሥር ዛላ በርበሬ

ቡታጅራ ውስጥ የሱቅን ስም የሚያወጣው ባለቤቱ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ያ ሰው ከተማዋን ያያት በአውቶብስ መስኮት ነው። ስም የማወጣው እኔ ነበርኩ። ባለቤቱ ላሜራውን ተሸክሞ ከመነኸሪያው ጀርባ ወዳለችው የማስታወቂያ መጻፊያ ክፍሌ ይመጣል፤ "ጥሩ ስም ጻፍልኝ" ይላል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጥልቅ ሐሳብ ውስጥ የገባሁ እመስላለሁ። በዚያ ዘመን ማሰብ እንኳ ብዙም አያስፈልግም ነበር። ሁሉም ነገር ህዳሴ ነበር። ህዳሴ ፀጉር ቤት፣ ህዳሴ ጎሚስታ፣ ህዳሴ ክትፎ ቤት፣ ህዳሴ ብሎኬት ማምረቻ። ከመነኸሪያው እስከ ገበያው የሚሄድ ሰው ሳያስበው አርባ ጊዜ ታድሶ ነው የሚደርሰው። አንድ የሬሳ ሣጥን ሻጭ ሳይቀር "እኔንም ህዳሴ በለኝ" ብሎኝ፣ "ከደንበኞችህ አንዱ ቢነሳብህ እኔን እንዳትጠይቀኝ" ብዬ ነው በግድ የመለስኩት።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ስም ዐዋቂ እንደነበርኩ እንድታምኑኝ ነው። ምክንያቱም ቀጥሎ የምነግራችሁ፣ ይህ ሁሉ ዕውቀቴ እንዴት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አፈር እንደበላ ነው።

ታናሽ እህቴ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቃ ቤት ተቀምጣለች። ሥራ ትጠብቃለች፤ ሥራው ግን እሷን የሚጠብቃት አይመስልም። አባባ ዋናው መንገድ ዳር በርበሬ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ኋላ አንድ ክፍል አለች፤ የበርበሬ መጋዘን ነበረች። እህቴ ለምና፣ አልቅሳ፣ ጸልያ፣ በመጨረሻም እናታችንን ልካ ክፍሏን ተረከበች። አምስት ያረጁ ኮምፒውተሮች አስገባችና ኢንተርኔት ቤት አደረገቻት። ግድግዳው የሃያ ዓመት በርበሬ ስለጠጣ፣ እዚያ የገባ ሰው መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ያስነጥሳል፤ ከዚያ ነው ኢሜይሉን የሚከፍተው። ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ያስነጥሱ ነበር ብል ትንሽ ነው ያጋነንኩት።

እህቴ ግን ኢሜይል ልታስከፍት አልነበረም ሐሳቧ። ጌም ሠርታለች። በገዛ እጇ። የጋሪ ሽቅድምድም ነው፦ ቡታጅራ የተቀመጠ ሰው ወልቂጤ ከተቀመጠ ሰው ጋር በኢንተርኔት ይሽቀዳደማል። ወልቂጤ ላይ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ዳቦ ቤት አጠገብ ተመሳሳይ ክፍል ከፍታለች። ጋሪህ ላይ አምስት ተሳፋሪ ጭነህ ትነሳለህ፤ ጉድጓድ አለ፣ ድንገት የሚያቋርጥ ፍየል አለ፣ ከየት መጣ ሳትል ፊትህ የሚጠመዘዝ ባጃጅ አለ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ፈረሱ አንድ እግሩን አንስቶ እንደ ሐውልት ይቆማል። ባንክ ስንሄድ እንደሚሉን፣ "ፈረሱ ሲስተም የለውም" እንል ነበር።

አባባ ጌሙን አንድ ቀን ቆሞ አየውና እህቴን እንዲህ አላት፦

"ይሄ ነገር ስሙ ማነው?"

"ገና አላወጣሁለትም።"

"ስም የሌለው ዕቃ መጋዘን አይይዝም" አለ። "አንዲት ገዢ ከመስቃን ገጠር ስትነሳ 'በርበሬ' ብላ ነው የምትነሳው። 'ያ ቀይ ነገር' ብላ አትነሳም። ሦስት ገበያ እሰጥሻለሁ። እኔ የማላውቃቸው አሥር ሰዎች በሱቄ በር ገብተው ስሙን ጠርተው ይጠይቁኝ። ለእያንዳንዱ አንድ ዛላ በርበሬ ባንኮኒው ላይ አኖራለሁ። በሦስተኛው ገበያ ማታ አሥር ዛላ ካየሁ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካላየሁ አዲሱ በርበሬ ደርሷል፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንቺም ከእኔ ጋር ሚዛኑ ላይ ትቆሚያለሽ።"

እህቴ ከሚዛኑ ኋላ ቆማ ዕድሜዋን ስትጨርስ ታያት መሰለኝ፤ ፊቷ ዛላውን መሰለ። የዚያኑ ዕለት እኔ ዘንድ መጣች።

"ጋሼ፣ ስም እፈልጋለሁ።"

"ህዳሴ።"

"ጋሼ ሙት፣ አትቀልድ። ስሙን አግኝቼዋለሁ፤ አንተ ጻፍልኝ ብቻ።"

ያገኘችው ስም "ኤክስትሪም ሆርስ ቻሌንጅ" ነበር። በላቲን ፊደል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከየፊደሉ ጫፍ እሳት እየወጣ። እውነቱን ልናገር፦ እኔም ወደድኩት። እሳት መሳል ያስደስተኛል። ያንን ሰሌዳ ስጨርስ ጎረቤቴ ውኃ ይዞ መጥቷል ብላችሁ አታምኑኝም፤ ስለዚህ አልላችሁም።

የመጀመሪያው ገበያ ደረሰ። አባባ ባንኮኒው ኋላ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ንጹሕ ዛላ የሞላ ሰፌድ። እኔ ሥራ ፈትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ጎረምሳ ገባ።

"አባባ፣ ያ ነገር አለ?"

"ምን ነገር?"

"ያ... ፈረሱ የሚሮጥበት።"

አባባ አውራ ጣቱን ወደ ጓሮ ቀሰረ። ዛላ አላነሳም። ሁለተኛው መጣ፦ "ያ ጋሪ ምናምን።" ሦስተኛው ጭራሽ አልተናገረም፤ እጁን ልጓም እንደያዘ ሰው አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረገው። ከመካከላቸው አንዱ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ የሚመስል ኮት የለበሰ፣ "ኤክስትሪም" ድረስ ደርሶ ነበር። አባባ እጁን ወደ ሰፌዱ ሰደደ። ልጁ ተጨነቀ፣ ጣሪያውን አየ፣ "ኤክስትሪም... ያ ነገር" አለ። የአባባ እጅ ተመለሰ።

ወልቂጤም ያው ነው። ጓደኛዋ ደውላ፣ "ሰዎች ቤታቸው ሆነው ሊከፍቱት ቢሞክሩ፣ ሦስቱን ቃል ሳይሳሳት የጻፈ አንድ ሰው አልተገኘም" አለች። በዚያን ቀን አሥራ ሦስት ሰዎች መጥተው ተጫውተዋል። ባንኮኒው ላይ ግን አንድ ዛላ የለም። ሰው ወዶታል፤ አፉ ውስጥ ግን የሚይዝበት ቦታ አጥቷል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ ጉዳዩ ለቤተ ዘመድ ቀረበ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያቀረብኩት። የእኛ ቤት ደንብ አለው፦ አንድ ነገር ለሽማግሌ ከቀረበ ማንም ቅር ብሎት ከማዕድ አይነሳም። ይህ ደንብ ለጠብ ፍቱን መድኃኒት ነው። ለስም ግን መርዝ ነው፤ ያን ጊዜ አላወቅንም።

ከቡኢ የመጣው አጎታችን፣ "ፈረስ ካልክ ሶዶ መግባት አለበት" አለ። ገባ። ከአረቅጥ የመጣችው አክስታችን ሹካዋን አስቀምጣ፣ "ጉመር ፈረስ የለውም ማለታችሁ ነው?" አለች። ጉመር ገባ። ሱቁ ያለው መስቃን ነውና መስቃን ከሁሉም ፊት ገባ። እኔ ከልማድ የተነሳ ህዳሴን ጣል አደረግኩ፤ ማንም አልተቃወመም። በዚያ ዘመን ህዳሴን ማን ይቃወማል? እህቴ የወልቂጤዋን ጓደኛዋን በስልክ ጠራችና ስሙን አነበበችላት።

"ወልቂጤስ?" አለች ጓደኛዋ።

"'አካባቢው' የሚለው ውስጥ አለሽ።"

"የዞኑ ዋና ከተማ ናት አካባቢው?"

ስለዚህ ቅንፍ ከፍተን ወልቂጤንም አስገባናት። ምሳው ሲያበቃ ስሙ ይህን መሰለ፦ "የመስቃን፣ የሶዶ፣ የጉመርና የአካባቢው (ወልቂጤን ጨምሮ) ሕዝቦች የጋራ የህዳሴ የፈረስ ጋሪ ሽቅድምድም የኢንተርኔት መዝናኛ ማዕከል"። ሁሉም እጁን ታጥቦ ደስ ብሎት ወጣ። እህቴ ብቻ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ስታጣጥፍ ቀረች።

ይህን ለመጻፍ ሁለት ላሜራ በየድኩ። ቀለሜ አለቀ፤ ጎረቤቴ አጥር ሊቀባ ያስቀመጠውን ሰማያዊ ተበደርኩ። ሰሌዳው ተሰቅሎ ሲታይ የእኛን በር አልፎ የልብስ ሰፊውን በር ግማሽ ሸፈነ። ልብስ ሰፊው ለጥላው አመሰገነኝ።

በሁለተኛው ገበያ ጠዋት ወደ ሱቁ ስደርስ ዓይኔን ማመን አልቻልኩም። ሰልፍ። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ። እየሮጥኩ ገብቼ እህቴን፣ "አላልኩሽም?" አልኳት። ፊቷ ግን የደስታ አይደለም።

"ጋሼ፣ ሰልፈኞቹን እያቸው እስቲ። እጃቸው ላይ።"

አየሁ። ሁሉም ወረቀት ይዘዋል። ያ ሁሉ ሕዝብና አካባቢ፣ ያ ሁሉ "የጋራ" እና "ማዕከል" በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ሲታይ፣ ጌም መሆኑን ማን ያስባል? አዲስ መሥሪያ ቤት ተከፍቶ ነው የመሰላቸው። ማመልከቻ የያዘ አለ፣ ፎቶግራፍ የያዘ አለ፣ ማኅተም ፍለጋ የመጣ አለ። ከሰልፉ ፊት ከመስቃን ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ቆመዋል፤ ጋሪያቸውን በር ላይ አቁመው፣ ሰነዳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ። "የመሬቴን ፋይል እንድታዩልኝ ነው።"

"አባቴ፣ ይሄ ቢሮ አይደለም" አለች እህቴ።

"ኃላፊው የለም?"

"ኃላፊ የሚባል ነገር የለም።"

አዛውንቱ ነገሩ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስብሰባ ነው ማለት ነው። እጠብቃለሁ።" ኮምፒውተሩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰልፉም እሳቸውን አይቶ ገባና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሁሉም ተራ በተራ አስነጠሰ።

አባባ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ አየኝ። ሰፌዱን በጨርቅ ሸፈነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የጌሙን ስም የጠራ አንድም ሰው የለም። ቢጠሩትስ፣ እስኪጨርሱት ገበያው ይበተናል።

እህቴ ምን ታድርግ? ወልቂጤ ላይ ጓደኛዋ ትጠብቃለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ሽቅድምድሙን ጀመረች። አዛውንቱ መጀመሪያ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ አንገታቸው ረዘመ። ከዚያ ወንበራቸው ቀረበ።

"ልጄ፣ ልጓሙን አላልተሽዋል።"

"እሺ አባቴ።"

"በግራ አትውሰጂው፣ ጉድጓድ አለ። አላልኩሽም? ተሳፋሪ ጣልሽ።"

የወልቂጤ ጋሪ ሲያልፈን ከግድግዳው አንድ ኧኧ የሚል ድምፅ ወጣ። ማመልከቻ የያዘው ሰውዬ ማመልከቻውን ጠቅልሎ እንደ አለንጋ ይዞታል። ያን ጊዜ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ፈረሳችን እግሩን አንስቶ ቆመ። ብንጠብቅም አልተንቀሳቀሰም።

ስድሳ ዓመት ሙሉ ፈረስ የነዱት አዛውንት ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም። ከወንበራቸው ተነሱ። ፌስታሉ ወደቀ።

"ቼ በይው እንጂ" አሉ። "ቼ!"

ሰልፉም አብሮ "ቼ" አለ። ኔትወርኩ ያን ጊዜ ብድግ ያለው በእሳቸው ድምፅ ነው ብዬ እስከዛሬ እከራከራለሁ። ፈረሱ ተስፈነጠረ። ሰው ሁሉ "ቼ፣ ቼ" እያለ፣ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ በርበሬው ከግድግዳው እየረገፈ፣ የወልቂጤን ጋሪ በአንድ ጭንቅላት ቀደምነው። ከስልኩ ውስጥ የእህቴ ጓደኛ፣ "እዛ ስንት ሰው ነው ያለው? ሰዉ ምን እያለ ነው?" ትላለች።

በዚህ መሀል የልብስ ሰፊው ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

"የማን ጋሪ ነው የሚሄደው?"

የአዛውንቱ ነበር። እውነተኛው ፈረስ በር ላይ ቆሞ የጌታውን ድምፅ ሰምቷል። "ቼ" ተባለ፣ ሄደ። ምን አጠፋ? ሁለት ኩንታል ጎመንና አንዲት ዶሮ ጭኖ፣ ነጂ ሳይኖረው፣ የቡኢን አቅጣጫ ይዞ ገበያውን ለሁለት ሰንጥቆ ጉዞውን ቀጠለ። አዛውንቱ ከኋላ፣ ሰልፉ ከአዛውንቱ ኋላ፣ እኔ ከሰልፉ ኋላ፣ አባባ ሚዛኑን ትቶ ከእኔ ኋላ። እኔ ሳወራው ፈረሱ የተያዘው ቡኢ መግቢያ ላይ ነው። እህቴ ስታወራው ማደያው ጋ ነው። ማደያው ከሱቃችን ሁለት መቶ እርምጃ ይሆናል። ዶሮዋ ግን ከጎመኑ ላይ ንቅንቅ አላለችም፤ በዚህ እንስማማለን።

ገበያው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይጠይቃል።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ቼ ሲሉት ሄደ።"

"የት?"

"እዛ፣ ቼ የሚባልበት ቤት።"

ይህን ሁለተኛውን መልስ የሰማችው እህቴ ናት። መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ስትመለስ አላናገረችኝም፤ ቀጥታ ሄዳ ሁለቱን ላሜራ ከበሩ ላይ አወረደቻቸው።

"ቼ" አለችኝ።

"ቼ ምን?"

"ቼ ብቻ። ስሙ ነው።"

ተከራከርኩ። እንዴት አልከራከር፣ እኔ በፊደል ብዛት የምኖር ሰው ነኝ። "አንድ ፊደል ስም አይሆንም፤ ሰው ረስቶት የሄደ ነው የሚመስለው" አልኳት።

"ጋሼ፣ እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ ስም ልንከት ስንታገል፣ ስሙ ለካ እዚያው አፋቸው ውስጥ ነበር። አንድም ሰው ቼ ሳይል አልተጫወተም። በእንግሊዝኛውም ጊዜ ይሉ ነበር፤ እኛ ነን ያልሰማነው።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ስም ብዙ አስቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ግን አላገኘሁም። ኢንተርኔቱ ላይ ስሙን ልታስመዘግብ ብትሞክር፣ ዓለም ቀድሞን "ተይዟል" አላት፤ ከኋላው ቡታጅራን ቀጠለችበትና ተቀበላት። አፍ ላይ ግን ቼ ነው።

ሰሌዳውን ጻፍኩ። አንድ ፊደል፣ በጥቁር፣ የሰው ቁመት ያህል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያጠረው ሥራ እሱ ነበር።

ሦስተኛው ገበያ። አባባ ሰፌዱን ገለጠ። ሱቁ ገና ከመከፈቱ ሦስት ሰዎች ከእንሴኖ መንገድ መጡ።

"ቼ እዚህ ነው?"

አባባ አንድ በአንድ አያቸው። "አውቃችኋለሁ?"

"አያውቁንም።"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዛላ። እጁ እንደ ዳኛ እጅ ቀስ ይላል። ከዚያ አንዲት ተማሪ፣ ከዚያ ሁለት ወታደሮች። የእኔ ጓደኞች የሆኑ አራት ሰዎች ገብተው በተራ "ቼ" ቢሉ፣ አባባ፣ "እናንተን ከእናታችሁ በፊት ነው የማውቃችሁ፤ ሂዱ" አላቸው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ዛላ ባንኮኒው ላይ ተደርድሯል። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የ"ቼ" ድምፅ ጣሪያውን ያነሳዋል። ግን የሚመጣው ሁሉ የሚታወቅ ፊት ሆነ። አባባ ግማሽ ከተማውን ያውቃል፤ የቀረው ግማሽ ዘመዱ ነው። ገበያው መበተን ጀመረ። እህቴ በመጋረጃው ቀዳዳ ዛላዎቹን እየቆጠረች ትመለሳለች፤ ዘጠኝ ናቸው።

ያን ጊዜ የአባባ ስልክ ጮኸ። በስልክ ብቻ የሚያውቀው፣ ከወልቂጤ ለመጀመሪያ ጊዜ በርበሬ ሊገዛ የሚመጣ ነጋዴ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ሱቁን አላገኘውም።

"ከመስጊዱ ከፍ ብሎ" አለ አባባ። "አይ፣ ያኛው አይደለም። ሰማያዊ በር ያለው... አዎ ብዙ ሰማያዊ በር አለ። ልብስ ሰፊ አጠገብ። የለም፣ ያ ሌላ ልብስ ሰፊ ነው። አልፈኸዋል መሰለኝ።"

ሰውየው የሆነ ነገር አለ። አባባ እኔን አየ፣ መጋረጃውን አየ። ወንበሩ ላይ ዞሮ ጀርባውን ሰጠንና ስልኩን በእጁ ሸፈነ።

"ረዳቱን..." አለ ዝቅ ብሎ። "ረዳቱን ቼ ጋ አውርደኝ በለው።"

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሚኒባሱ በሩ ላይ ቆመ። "ቼ ጋ ወራጅ" የሚለው የረዳቱ ድምፅ ከተሳፋሪው ቀድሞ ሱቁ ገባ። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ሰውዬ አንገቱን አስገባ።

"ቼ ይሄ ነው?"

አባባ ሰፌዱን አየ። ሰውየውን አየ። ይህን ሰው በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ደንቡን ያወጣው ደግሞ ራሱ ነው። አሥረኛውን ዛላ አነሳና ከዘጠኙ ጎን አስቀመጠው።

እህቴ፣ እውነተኛ ልጅ ስለሆነች፣ ከመጋረጃው ወጥታ፣ "አባባ፣ ሰውየው ግን የመጣው ለበርበሬ ነው" አለችው።

"ስሙን ጠራ አልጠራም?"

"ጠራ።"

"እንግዲያውስ ምን ትጨቀጭቂኛለሽ? ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል።" ከዚያም ወደ ነጋዴው ዞሮ፣ "ጌታ ይባርክህ፣ ግባ" አለውና አሥሩንም ዛላ አንስቶ በስጦታ መልክ አስያዘው። ሰውየው ይህን ያህል የተከበረበት ሱቅ በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ ለወልቂጤ ሁሉ ነግሯል አሉ።

ክፍሉ የእህቴ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሚኒባስ ሁሉ እዚያ ይቆማል፤ አባባም "የበርበሬ ነጋዴው" መባሉ ቀርቶ "የቼው አባባ" ሆነ። እንደተቆጣ ለመምሰል ይሞክራል፤ አይሳካለትም። አዛውንቱ ገበሬ በየገበያው ቀን ይመጣሉ፤ ፈረሳቸውን ግን ማደያው ጋ አስረው።

አዲሱ በርበሬ የት ገባ ብላችሁ እንዳትጠይቁ። እኔ ክፍል ገባ። ሠላሳ ጆንያ፣ ከቀለሜና ከብሩሼ ጋር። የወልቂጤዋ ጓደኛ ተመሳሳይ ሰሌዳ አዝዛኝ ስጽፍ የመጨረሻዋ ጭረት ላይ አስነጠስኩ፤ ብሩሹም ከፊደሉ ወጥቶ እስከ ላሜራው ጠርዝ ድረስ ጋለበ። ላጠፋው ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ። ወልቂጤዎች የፈረስ ጭራ ነው ብለው ወደዱት። ቆይቶ የቡታጅራውንም ሰሌዳ ጭራ ጨምርበት ብለውኝ፣ አንድ ጆንያ ፈትቼ፣ በረጅሙ ተንፍሼ፣ በክብር አስነጠስኩበት።